ወደ መንዝ ለሚወጣ ኮምፒዩተር ምን ዓይነት ማዘርቦርድ ይመረጥ?

ኮምፒዩተር በብዙ ቤቶች ገብቷል። አንዱ ቤተ ሰብ ከደመወዙ ቆጥቦ ገዝቶታል፤ ሌላው መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አግኝቶታል፤ ለሌላው ደግሞ ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ ይዞለት ገብቷል። ልጆች ይማሩበታል፤ ወላጆች ደብዳቤና ማመልከቻ ይጽፉበታል። አንድ ቀን ግን ማብሪያው ሲጫን ዝም ይላል። ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድም ባለሞያው ከፍቶ ይመለከትና «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ አለዚያም ለቆራሌው ይሸጣል።

ውድ አንባብያን፣ በከተማ ከምትኖሩ እናቶችና ሠራተኞች መካከል ብዙዎቻችሁ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ወላጅ፣ እኅት፣ ወንድምና የእኅት ልጅ አላችሁ። ለበዓል ስትሄዱ ስኳርና ቡና፣ ለልጆቹም ደብተርና ጫማ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከአልጋ ሥር የገባው ኮምፒዩተር ታድሶ ቢወጣ ግን ለእነዚያ ልጆች ከዚህ ሁሉ የበለጠ ስጦታ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ መንገድ የተፈተኑት ተማሪዎች ቁጥር በጣም ጨምሯል። በከተማ ያደገ ልጅ ከኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ የሚያስበው ስለ ጥያቄው ብቻ ነው። ከፈተናው ቀን በፊት ማውስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግን መልሱን እያወቀ ሰዓቱ ሊያልቅበት ይችላል። ይህ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዕቃ እጦት ነው፤ በዕቃ እጦት ደግሞ የልጅ ዕድል ሊበላሽ አይገባም።

ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን የሞተውን ማዘርቦርድ ለመተካት ስታስቡ እንዴት እንደምትመርጡ እናስረዳለን። ጉዳዩ የባለሞያዎች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን የቤቱን ገንዘብ የምታወጣው እናት ምን እንደምትገዛ ካላወቀች፣ የምትገዛው ሻጩ መሸጥ የፈለገውን ነው። ብዙ ሰዎች ሱቅ ሲገቡ «የተሻለው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ትክክለኛው ጥያቄ «በቤቴ ካለው ዕቃ ጋር የሚገጥመው፣ ለሚሄድበትም አገር የሚሆነው የቱ ነው?» የሚለው ነው።

ማዘርቦርድ ምንድን ነው?

ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ማዘርቦርድ የኮምፒዩተሩ እናት ማለት ነው። በኬዙ ውስጥ የሚታየው ሰፊው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰሌዳ እርሱ ነው። የሚያስበው ፕሮሰሰር፣ ለጊዜው የሚይዘው ራም፣ ጽሑፉና ሥዕሉ የሚቀመጥበት ዲስክ፣ መብራት የሚያድለው ፓወር ሳፕላይ፣ ሁሉም የሚገናኙት በእርሱ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ሲሞት ሌሎቹ ዕቃዎች በአብዛኛው ደኅና ሆነው ይቀራሉ። ከዚህ የተነሣ አንዱን ክፍል ለውጦ ሌላውን ማዳን ይቻላል።

በውስጡ የሚጫነውም ሶፍትዌር ሊታሰብበት ይገባል። ዊንዶውስ 10 ለተባለው የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር የሚሰጠው መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ይጠይቃል። በየቤቱ ያሉት ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ሊኑክስ ግን በነፃ የሚገኝ፣ የሚቀዳና ለሌላ የሚሰጥ በመሆኑ ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች ዕድሜ ይቀጥላል። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ያዳብሩታል።

ሊኑክስ ለአገራችን ልጆችም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነው። የእነዚያ ላፕቶፖች ሠሪዎች በመያዣው ውስጥ ትርፍ ብሎኖች አስቀምጠው ነበር። ዕቃው በሄደበት ገጠር ተፈትቶ መጠገን እንዳለበት ገና ሲሠሩት አስበውበታል ማለት ነው። እኛም ወደ ደጋ ለምንልከው ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ስንመርጥ ይህንኑ ማሰብ ይገባናል።

ከመግዛት በፊት፦ በእርግጥ ሞቷልን?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ማዘርቦርድ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት የሚከተሉትን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ወይም ባለሞያው በፊታችሁ እንዲመለከት ጠይቁ። ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ።

አንደኛ፣ መብራቱ በእርግጥ ይደርሳልን? ማከፋፈያው፣ ገመዱና በኬዙ ጀርባ ያለው ማብሪያ ይታዩ። ከዚያም በደኅና ሁኔታ ያለ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ተገጥሞ ይሞከር። ሞተ ከተባለው ማዘርቦርድ ይልቅ የተበላሸው ፓወር ሳፕላዩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ራሙን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና መልሳችሁ አጥብቃችሁ ግጠሙት። ራም በሌለበት ሲበራ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ከተሰማ ማዘርቦርዱ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ድምፅ ማሰሚያ የሌለው ኮምፒዩተር ግን ላይጮኽ ስለሚችል ዝም ማለቱ ብቻውን ለሞቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ እየበራ ቀኑንና ሰዓቱን የሚረሳ ከሆነ የሚለወጠው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መልክ ያላት 3 ቮልት ባትሪ ናት። ቁጥሯ 2032 ነው። ለእርሷ ብሎ ማዘርቦርድ መለወጥ አምፑል ሲቃጠል ቤት እንደ መሸጥ ነው።

አራተኛ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የሚታዩትን ትናንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ተመልከቱ። ራሳቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ በመበየጃ የሚለውጣቸው ባለሞያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ ሕመም በዓለም ሁሉ በስፋት የታየ ነበር።

ይህ ሁሉ ታይቶ ማዘርቦርዱ መሞቱ ከተረጋገጠ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የገደለው ምንድን ነው? መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ጅረትና የክረምት መብረቅ ዋነኞቹ ገዳዮች ናቸው። ፓወር ሳፕላዩ ታሞ ገድሎት ከሆነ ደግሞ አዲሱንም ይገድለዋል። የገደለውን ነገር ሳያስወግዱ ማዘርቦርድ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

በወረቀት ተጽፈው የሚያዙ አራት ነገሮች

ወደ ሱቅ ስትሄዱ አራት ነገሮችን ጽፋችሁ ያዙ። ከተቻለም አሮጌውን ማዘርቦርድ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ስምና ቁጥር ነው። ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል፤ እያንዳንዱም ፕሮሰሰር የራሱ ሶኬት አለው። ከኢንቴል የኮር ፕሮሰሰሮች መካከል የ2ኛውና የ3ኛው ትውልድ ሶኬት 1155፣ የ4ኛው 1150፣ የ6ኛውና የ7ኛው 1151 ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የ8ኛውና የ9ኛው ትውልድም ሶኬት 1151 ይባላል፤ ዳሩ ግን ማዘርቦርዱ ሌላ ነው። ቁጥሩ ስለ ተመሳሰለ ብቻ አትግዙ፤ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር አሳይታችሁ «ይህን ማዘርቦርድ ይቀበለዋልን?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1155 ላይም ቢሆን ቀደም ብለው የተሠሩት ማዘርቦርዶች የ3ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር የሚቀበሉት በውስጣቸው ያለው ባዮስ የተባለው መነሻ ሶፍትዌር ከታደሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የራሙ ዓይነት ነው። በራሙ ላይ ዲ.ዲ.አር.3 ወይም ዲ.ዲ.አር.4 የሚል ተጽፏል። ሦስተኛው 240፣ አራተኛው 288 ጥርሶች ስላሏቸውና ስንጥቃቸውም በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት ለማስገባት መሞከርም ሁለቱንም መስበር ነው። የራማችሁን ዓይነት የማይቀበል ማዘርቦርድ ከገዛችሁ ራምም እንደ ገና መግዛታችሁ ነው።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው ሰፊው ማዘርቦርድ በአብዛኛው 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤ.ቲ.ኤክስ. 244 በ244፣ ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. ደግሞ 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ በትልቁ ኬዝ ይገባል፤ ትልቁ ግን በትንሹ አይገባም። የልብስ ስፌት ሜትር ያላት እናት በቤቷ ለክታ ልትሄድ ትችላለች።

አራተኛው የመብራት መሰኪያው ነው። የተለመደው ፓወር ሳፕላይ ለማዘርቦርዱ ባለ 24፣ ለፕሮሰሰሩ ደግሞ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ አለው። ከመሥሪያ ቤት የወጡት የዴል፣ የኤች.ፒ. እና የሌኖቮ ኮምፒዩተሮች ግን በብዙ ሞዴሎቻቸው የራሳቸው ልዩ መሰኪያና ልዩ ቅርጽ አላቸው። ለእነዚህ የሚሆነው የዚያው ሞዴል ማዘርቦርድ ብቻ ነው። ስለዚህ በኬዙ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ሳትገለብጡ ከቤት አትውጡ። የላፕቶፕ ማዘርቦርድ ደግሞ ከነጭራሹ ከሞዴል ወደ ሞዴል አይዛወርም፤ በብዙዎቹም ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱ ተበይዶበታል።

ሊኑክስ የሚፈልገው

ሊኑክስ በአብዛኛው ማዘርቦርድ አያማርጥም። የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ከእርሱው ጋር አብረው ስለሚመጡ ማዘርቦርዱ ተለውጦ አሮጌው ዲስክ ሲገጠም ብዙ ጊዜ እንደ ነበረ ይነሣል፤ የልጆቹም ጽሑፍ በቦታው ይገኛል። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ፈቃድ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ሲለወጥ ችግር ይፈጥራል። ይህ ለአነስተኛ ገቢ ቤተ ሰብ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሆኖም ጥቂት ነገሮችን መምረጥ ይጠቅማል። ሥዕል የሚያሳየው ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የኢንቴል ወይም የኤ.ኤም.ዲ. ቢሆን ያለ ተጨማሪ ድካም ይሠራል። አሮጌ የኢንቪዲያ ካርዶች ግን የራሳቸው ኩባንያ ድራይቨር ማውጣቱን ስላቆመላቸው ያስቸግራሉ። በገመድ ለሚሠራው ኔትወርክ ሪልቴክ የተባለው የተለመደ ቺፕ በቂ ነው። ለዋይፋይ ደግሞ የኢንቴል ቢሆን ይመረጣል፤ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰኩት ርካሽ ዋይፋዮች ከመገዛታቸው በፊት በሊኑክስ ይሞከሩ።

ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ደቢያን 13 ለባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች መጫኛ አላዘጋጀም፤ ሊኑክስ ሚንትም ከባለ 64 ቢት በቀር አይቀበልም። ለሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይፈለጋል፤ እንዳይጎተት ግን 4 ጊጋባይት ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ የራም ቦታው ሁለት የሆነ ማዘርቦርድ ምረጡ፤ ዛሬ በአንዱ ጀምራችሁ ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛውን ትጨምራላችሁ።

አማርኛውስ ለሚል፣ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቆይቷል። በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነፃ የጽሕፈት ሶፍትዌርም ማዘዣዎቹ በአማርኛ ተተርጉመውለታል። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያንና ሌሎች ማስተማሪያዎችን በዲስክ ጭኖ ያለ መስመር ያስነብባል። ይህን ሁሉ በከተማ ሳላችሁ ጫኑት።

የደጋው አየር የሚለውጠው

እስከ አሁን የተናገርነው ለየትኛውም ቤት ይሠራል። መንዝ ግን የራሱ ጠባይ አለው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የጓሳ ሣር ምድርም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። መርሐ ቤቴ ውስጥ ያለችው ዓለም ከተማ ከእነዚህ በጣም ዝቅ ያለች ስለሆነች የሚከተለው በእርሷ ላይ ያን ያህል አይከብድም።

በደጋ ባቄላ ሲቀቀል ጊዜ እንደሚፈጅ እናቶች ታውቃላችሁ። ምክንያቱም በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ግን በ100 ዲግሪ ነው። አየሩ ስለ ሳሳ የሚጫነው ኃይል በባሕር ዳርቻ 100 ቢሆን በዚያ 70 ያህል ብቻ ነው። ይህ የሳሳ አየር ኮምፒዩተሩንም በሁለት መንገድ ይነካዋል።

አንደኛው፣ ማራገቢያው ሙቀቱን የሚያስወጣው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። የመንዝ ብርድ ግን ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ስለዚህ ብዙ መብራት የሚበላና የሚግል ፕሮሰሰር ያለበትን ማዘርቦርድ ትታችሁ ከ35 እስከ 65 ዋት የሚፈጀውን ምረጡ። የመብራት ሒሳቡም ይቀንሳል፤ መብራት በሌለበት በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል ለማሠራትም ይቀላል።

ሁለተኛው የዲስኩ ነገር ነው። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ በስስ የአየር ትራስ ተንሳፎ ይኖራል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ዕቃቸው በደኅና ይሠራል ብለው የሚጽፉት እስከ 3,048 ሜትር ነው። መሐል ሜዳና አካባቢዋ በዚህ ወሰን ላይ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ዲስክ ይገጠም። ትንሹ 120 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ ለሊኑክስና ለልጆቹ ትምህርት ይበቃል፤ በአውቶቡስ መንገድ ላይ የሚደርስበትንም መንገጫገጭ ይችላል። ማዘርቦርዱ ሳታ የተባለው የዲስክ መሰኪያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ጭሱንም አትርሱ። በመንዝ እንጨት ውድ ስለሆነ በብዙ ቤት የሚነደው ኩበት ነው። ጥላሸቱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በማራገቢያውና በማዘርቦርዱ ላይ ይጋገራል፤ ሙቀቱንም ያፍናል። ኮምፒዩተሩ ከምድጃው ቤት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሲቀመጥም ከመሬት ከፍ ይበል። ከውርጭ ወጥቶ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ኮምፒዩተርም ወዲያው አይብራ። ብርጭቆ ላይ እንደሚያልበው ጤዛ በውስጡም ስለሚያልብ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

በመጨረሻም ባናውን ከኮምፒዩተሩ አርቁት። የመንዝ ባና ከብርድ የሚያድን ልብስ ነው። ዳሩ ግን በደረቁ ወራት በማታ ሲገፈፍ የሚንጣጣውና በጨለማ ብልጭ የሚለው ነገር ኤሌክትሪክ ነው። ያ ብልጭታ ሰውን አይጎዳም፤ የማዘርቦርድን ቺፕ ግን ሊገድል ይችላል። ማዘርቦርድ በባና ላይ ተነጥፎ አይገጠም፤ የሱፍ ሹራብ የለበሰ ሰውም አውልቆ፣ የኬዙን ብረት በእጁ ነክቶ ይጀምር። የሥራ ቦታው ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ቢሆን ይበቃል።

መግዛት የማይገባበት ጊዜ

ማዘርቦርድ መለወጥ ሁልጊዜ አያዋጣም። ለአሮጌ ፕሮሰሰር የሚሆን አዲስ ማዘርቦርድ በገበያ እየጠፋ ሲሄድ ያገለገለው ይወደዳል። እኛ የምንመክረው ቀላል ሚዛን ይህ ነው፤ ማዘርቦርዱ የተጠየቀበት ዋጋ በዚያው ዕድሜ ካለ ሙሉ ያገለገለ ኮምፒዩተር ዋጋ ከግማሽ የሚበልጥ ከሆነ ሙሉውን ግዙ። ሙሉው ከራሙ፣ ከፕሮሰሰሩና ከፓወር ሳፕላዩ ጋር ተስማምቶ ይመጣል። የእናንተ ራምና ዲስክ የሚገጥሙለት ከሆነም ትጨምሩለታላችሁ። ለላፕቶፕ በአብዛኛው የሚያዋጣው ይኸው ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚወጡት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ደግሞ 35 ዋት ፕሮሰሰር ያላቸው በመሆናቸው ለደጋው ቤት በጣም ይስማማሉ።

በሱቁና በመንገዱ

በአዲስ አበባ በመርካቶ ያገለገለ ዕቃ ሞልቷል። ምናለሽ ተራ የሚለው ስም ራሱ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ዋጋ እንዳለው ይመሰክራል። ያገለገለ ማዘርቦርድ ስትገዙ ግን ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የሶኬቱን መክደኛ አስከፍታችሁ በስልካችሁ መብራት ተመልከቱ፤ በኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ እንደ መርፌ የቆሙት ጥቃቅን እግሮች አንዱ እንኳ ከተጣመመ ተዉት። ሁለተኛ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሊኑክስ በዲስክ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ስለሚነሣ፣ በዚያው በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ድምፁ፣ ሥዕሉ፣ ኔትወርኩና የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይሞከራሉ። ሲሞከርም ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይብራ፤ አንዳንዱ ሕመም ከሞቀ በኋላ ነው የሚታየው። ሦስተኛ፣ የዋስትናው ቀን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «እኔን እመኚኝ» የሚል ሻጭ ለመጻፍ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።

ወደ መንዝ ሲጓጓዝ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል የሚያልፈው መንገድ ረጅም ነው። ኮምፒዩተሩ በፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን። በፕሮሰሰሩ ላይ ከባድ ብረት ካለ ኬዙ በጎኑ ይተኛ፤ ማዘርቦርዱም ከታች ይሁን። አለዚያ ብረቱ እየተወዛወዘ ሰሌዳውን ይሰነጥቃል። ኬዙ በካርቶን ከገባ በኋላ ካርቶኑ በጋቢ ይጠቅለል። ከኮምፒዩተሩም ጋር ኃይለኛ ጅረት የሚከላከል እስታቢላይዘር፣ አንድ ትርፍ የ2032 ባትሪና ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ አብረው ይላኩ። መብረቅ ባጉረመረመ ጊዜ የመብራቱም የኔትወርኩም ገመድ ከግድግዳ እንዲነቀል ለቤተ ሰቡ አስረዱ።

ለማን ይሰጥ?

አንድ ነገር እንጨምር። ኮምፒዩተሩ ከቤት ሲገባ ማን እንደሚጠቀምበት ካልተወሰነ የሚጠቀምበት ጊዜ ያለው ነው። በደጋው ቤት ጊዜ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዱ ልጅ ነው። ሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ አለ፤ ኩበት አለ፤ ታናናሾች አሉ። ስለዚህ ስጦታውን የምትሰጡ እናቶች የእርሷን ሰዓት አስቀድማችሁ አስወስኑላት። በሳምንት የተወሰኑ ቀኖች፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ኮምፒዩተሩ የእርሷ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ሥራውን ሌላው ይሥራ። ይህ በፊታችሁ፣ አባትና አያት እየሰሙ ይነገር።

ከዚህም በላይ ማዘርቦርዱ ሲገጠም በጓዳ እንዳትቀር፤ ጠርታችሁ አሳዩአት። ብሎኑን እርሷ ታጥብቅ፤ ራሙን እርሷ ትግጠም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪ ተራራ ላይ፣ እንደ መንዝ በከፍታ ባለ መንደር፣ ከዚያ በፊት የታተመ ጽሑፍ አይተው የማያውቁ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቷቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀምረዋል። ልጅ የተፈቀደለትን ነገር ይማራል። ዛሬ ራም የገጠመች ልጅ ነገ ኮምፒዩተሩ ዝም ሲል ከተማ እስኪወሰድ አትጠብቅም፤ ላጲሷን ይዛ ትከፍተዋለች።

እንግዲህ ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ በዚህ ሳምንት ከአልጋ ሥር ያለውን ኮምፒዩተር አውጡና አቧራውን ጥረጉ። የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ የራሙን ዓይነት፣ የሰሌዳውን መጠንና የመሰኪያውን ቀዳዳ ቁጥር በአንድ ወረቀት ጻፉ። ያን ወረቀት በቦርሳችሁ ይዛችሁ ገበያ ስትወጡ ሻጩ የሚያናግረው የምትፈልገውን የምታውቅ ሴት ይሆናል። መጪው በዓል ሳይደርስ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ፣ አማርኛው ተጭኖ፣ በካርቶን ታሽጎ መንገዱን ይጠብቅ።